ይድረስ ሳያዩኝ ለሚያውቁኝ ለክቡር የሠፈር መዳቢ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ መናፈቂያ ጊዜ አልሰጡኝም። በፖስታ ሳጥኔ ውስጥ እርስዎ ነዎት። ስልኬን ስከፍትም ቀድመውኝ ደርሰው ይጠብቁኛል።

በቅርቡ በእርስዎ ጥቆማ የደረሰኝ የስፖርት ማዘውተሪያ ማስታወቂያ «እንደ እርስዎ ላለ ሥራ የሚበዛበት ወጣት ባለሙያ» ይላል። አንብቤ በጣም ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ወጣት የሚለኝ ባገኝ ለምን እከራከራለሁ? ችግሩ ጉልበቴ ማስታወቂያውን አለማንበቡ ነው።

የእርስዎን አሠራር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የሕዝብ ቆጠራውን፣ የቤት ዋጋውን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ሰው ምን እንደሚገዛና በምን እንደሚከፍል አንድ ላይ ይሰበስባሉ። ኮምፒውተሩ ይመሳሰላሉ ያላቸውን ሠፈሮች እየለቀመ በአንድ ጆንያ ይከታል። ከዚያ በኋላ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ተቀምጦ ለየጆንያው ስም ያወጣል፤ ማስታወቂያ ላኪውም በዚያ ስም ይመራል። ለእኛ የደረሰን «ልጅ አልባ ወጣት ከተሜዎች» የሚል ነው። ስሙ ያምራል። ባለቤቱ ግን እስካሁን አልተገኘም።

በግራዬ የሚኖሩት አሮጊት ወጣት ከተሜ እንዳልሆኑ ቢያንስ እርሳቸው ራሳቸው ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ በመንገዳችን ስልክ የተበላሸበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እርሳቸው ነው፤ ስለዚህ «ቴክኖሎጂ የማይደፍሩ አረጋውያን» ወደሚለው ሌላው ጆንያዎ ሊያዛውሯቸው ቢያስቡም አይሳካልዎትም። በቀኜ ባልና ሚስት አሉ። እሱ ሌሊት ታክሲ ያሽከረክራል፣ እሷ ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፤ የሚገናኙት በር ላይ ሲተላለፉ ነው። እርስዎ «ከቤት ውጭ መመገብ ያዘወትራሉ» ብለዋቸዋል። አልተሳሳቱም፤ እሱ እራቱን የሚበላው መሪው ላይ ተደግፎ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው ትልቅ ቤት ደግሞ የሠፈሩን የቤት ዋጋ አማካይ ብቻውን ሽቅብ ይጎትተዋል። ባለቤቱ ሀብታም ናቸው፤ ግን እዚህ አይኖሩም፤ መስኮቱ ዓመቱን ሙሉ እንደተዘጋ ነው። እኛ የቀረነው በእርሳቸው ንብረት ባለጸጋ ተብለን የቅንጦት መኪና ማስታወቂያ እንቀበላለን። ልጅ አልባ የሚለውን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቴ ሥር ኳስ የሚለጋው ማን ነው?

መቼም በሙያው ዘር አለዎትና፣ የሙያ አያትዎን ልጥቀስ። ቻርልስ ቡዝ የሚባሉ የመርከብ ድርጅት ባለቤት ነበሩ፤ የለንደንን መንገዶች እንደ ነዋሪው ኑሮ በቀለም ቀብተው እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ካርታ አሳተሙ። ቢጫው የሀብታም ነው። ጥቁሩ «ከሁሉ የታችኛው መደብ፤ ምግባረ ብልሹ፣ ከፊል ወንጀለኛ» ለተባሉት ነው። ከፊል ወንጀለኛ! የትኛው ግማሹ እንደሆነ ካርታው አይናገርም። ሆኖም አያትዎን አልነቅፍም። ደሃውን ቤት በቤት የሚያውቁትን የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎች ተቀምጠው ጠይቀዋል፤ ካርታው ሲታደስም ሰዎቻቸው ከፖሊስ ጋር መንገድ ለመንገድ በእግራቸው ዞረዋል። ከለንደን ነዋሪ 30.7 በመቶው በድህነት እንደሚኖር ካሳዩ በኋላ ለአረጋውያን ጡረታ እንዲሰጥ ተሟግተዋል። እርስዎ ስለቆጠሩት ጡረታ የተከበረለት ሰው ካለ ይጠቁሙኝ፤ ሄጄ እንኳን ደስ አለህ ልበለው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመድዎ መራመድ ትቷል። በአሜሪካ ጆናታን ሮቢን የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያቋቋሙት ክላሪታስ የተባለ ድርጅት፣ ፕሪዝም በሚባለው ምደባው የአገሩን የፖስታ ቁጥሮች ሁሉ (እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ አካባቢ አድራሻ ነው) 40 ዓይነት አድርጎ ከፈላቸው። «ጠመንጃና ፒክአፕ» የሚባል ሠፈር ነበረ፤ «የመዋኛ ገንዳና በረንዳ» የሚባልም። ፒክአፕ ኖሮት ጠመንጃ የሌለው ሰው የት ሄዶ ይደር? በብሪታንያም በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ አኮርን የተባለ ተመሳሳይ ምደባ ተወለደ፤ ሞዛይክ የተባለው ተከተለው። እዚያ አንድ የፖስታ ኮድ በአማካይ 15 ያህል አድራሻዎችን ይይዛል። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አሥራ አምስት በር አንድ ጠባይ ይኖረዋል ብሎ የሚያምን ሰው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ ሁለት ወንድማማቾችን አይቶ አያውቅም።

እርግጥ «ሠፈር ስለ ሰው ይናገራል» ይሉኛል። ይናገራል፤ አንዳንዴም ይዋሻል። ዊልያም ሮቢንሰን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካን የ1930 ቆጠራ ይዘው ይህንኑ ፈትሸዋል። ግዛቶቹን እርስ በርስ ሲያወዳድሩ፣ ውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች የበዙባቸው ግዛቶች መሃይም የሚያንስባቸው ሆነው ተገኙ። እርስዎ ቢሆኑ ወዲያው ብሮሹር አሳትመው «ስደተኛው ከተወላጁ ይልቅ ያነብባል» ባሉ ነበር። ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በዚያ ዘመን ማንበብ አለመቻል በስደተኛው ዘንድ ይበዛ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስደተኞቹ የሰፈሩት ተወላጁ የተሻለ በተማረባቸው ግዛቶች ነበር። ጽሑፉ ከወጣ ስንት ዘመኑ! እርስዎ ጋ ሳይደርስ የቀረው አድራሻዎ ተሳስቶ ይሆን?

እስካሁን ቀልጃለሁ። የማልቀልድበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ200 በላይ ከተሞችን ሠፈር በሠፈር ደረጃ አውጥቶ ቀባ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መግለጫ ቅጹ ላይ በሠፈሩ ጥቁሮች መኖር አለመኖራቸውና በመቶ ስንት እንደሆኑ የሚሞላ ቦታ ነበረው፤ «ሰርጎ የሚገባው» ማን እንደሆነም ይጠየቅ ነበር። ቀዩ አደገኛ ማለት ነው። እንዲህ ባሉት ሠፈሮች ለቤት ብድር ማግኘት እጅግ ከባድ ነበር። ብድር ያላገኘ ሰው ጣሪያውን አያድስም፤ ጣሪያው ያፈሰሰበት ሠፈር ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ «ብለን አልነበር?» የሚል አይጠፋም። በቤት ጉዳይ ዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ክቡር ሆይ፣ ስለ እኔ መሳሳትዎ ያን ያህል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ያመነዎት ባለ ገንዘብና ባለ ሥልጣን፣ መንገዳችን እርስዎን እስኪመስል ድረስ ሲጠርበው ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳይሉኝ። በእንግሊዝ የደርሃም ፖሊስ፣ ተጠርጣሪ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ወንጀል ይሠራ እንደሆነ የሚገምትለት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበረው፤ ከሚመገባቸው መረጃዎች መካከል የመኖሪያ ፖስታ ኮድ ይገኝበት ነበር። ኋላ ላይ ትችት ተነሣበት። የጎረቤቴ ኑሮ በእኔ መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ ጎረቤቴን የምጠይቀው መሰላል ለመዋስ ነው፤ ጠባዩን እንዲያውሰኝ ጠይቄው አላውቅም።

እርስዎን የሚያህል ሰው ባዶ እጁን አይሰናበትምና ጥቂት ልመናዎች ልጨምር። በመጀመሪያ፣ የጻፉትን ለተጻፈበት ሰው ያሳዩት። ባንክ የሂሳብ መግለጫ ይሰጠኛል፤ ሐኪም ምርመራዬን ይነግረኛል፤ የእርስዎን ፍርድ ግን የምሰማው ከማስታወቂያ ላኪው ነው። ቀጥሎም «በዚህ መንገድ የሚኖር ሰው» ሲሉ «ምናልባት» የምትባለውን ቃል አይሠስቱባት፤ በነፃ ናት። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የት ይሠራ ለሚለው ጥያቄ ቁጥርዎን የሚፈልግ ካለ ደግሞ ይስጡት፤ እኔም ራሴ አብሬዎት እቆጥራለሁ። አውቶቡስ በየት ይለፍ ለማለት የእያንዳንዳችንን ምስጢር ማወቅ አያስፈልግም፤ ድምሩ ይበቃል። እኔን ለይቶ «አንተ ይህ ነህ» ለማለት ሲሆን ግን ድምሩ አይበቃም፤ በሬን ማንኳኳት አለብዎት። ደወሉ ይሠራል።

በመጨረሻም አንድ አስቸኳይ ጉዳይ። ከጥጉ ያለው ቤት ተሸጦ ትናንት ማታ አዳዲስ ሰዎች ገብተውበታል። ከየት እንደመጡ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚወዱ ገና አላወቅንም። ዛሬ ጠዋት ግን በሩ ሥር የእርስዎ ብሮሹር ተሰክቶ አየሁ። እባክዎ፣ ቢያንስ ካርቶናቸውን ከፍተው እስኪጨርሱ ድረስ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አይንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ወጣቱ ከተሜ (ጡረተኛ)