ሰዓት ቢጨመር ምን ዋጋ አለው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የመምህራን ሥልጠና ሰዓት ይጨመር ይላል። እኔ ግን ችግሩ የሰዓት ማነስ አይመስለኝም። አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ሲታይ ይዋላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ሰኞ ክፍል ሲገባ ሁሉም እንደነበረው ነው። ጆይስና ሻወርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ገና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንድፈ ሐሳብና ማሳያ ብቻውን ክፍል ድረስ እምብዛም እንደማይዘልቅ ጽፈው ነበር።

ጥያቄ ጠይቆ መታገሥን ውሰዱ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች የትምህርት ተመራማሪ ያጠናቻቸው መምህራን አብዛኞቹ መልስ እስኪመጣ 1 ሰከንድ እንኳ በቅጡ አይጠብቁም ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። ይህን ስላይድ ላይ ማንበብ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ግን ያቺ 3 ሰከንድ ታስጨንቃለች፤ ፊት ወንበር ያለው ጎበዝ ደግሞ እጁን እያወዛወዘ "ቲቸር! ቲቸር!" ሲል መቆሚያ ያሳጣል። ከኋላ ቁጭ ብሎ ሰዓት የሚይዝልህ ባልደረባ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ነጥብ የሚሞላ አለቃ ከሆነ ግን በቃ፣ ሁሉም ትያትር ይሠራል።

ሰዓቱ ከተገኘ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው እንዲያዩ ይዋል። እርግጥ ክፍለ ጊዜያቸውን የሚሸፍን ሰው መኖር አለበት፤ ጽሑፉ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም።