ስለቆየ ብቻ አይጣፍጥም

«ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አሮጌ ጠርሙስ ሲወጣ ገና ሳይቀመስ ምስጋናው ይጀምራል። ይሄ ነገር ለምወደው ወይን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የምወደው ባሮሎ ነው። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ፒየድሞንት ውስጥ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ፍሬ ብቻ ይሠራል። ቢያንስ 38 ወር ሳይሞላው ለገበያ አይወጣም፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። መቆየት ያምርበታል የሚባል ወይን ካለ እሱ ነው።

በቅርቡ የአንድ አምራች ሦስት ጠርሙስ አንድ ላይ ከፍተን ቀመስን፤ የ2003፣ የ2004 እና የ2016። ዓመቶቹ ፍሬው የተለቀመባቸው ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

የ2016ቱ ቀይነቱ ሳሳ ያለ ነው፤ ብርጭቆውን የያዘው ጣት በወዲያ በኩል ይታያል። ኔቢዮሎ ተፈጥሮው እንዲህ ነው። ሽታው ቼሪና ጽጌረዳ። ስትጎነጩት ግን ድድና ጉንጭን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ይህ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣው ታኒን ነው። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ «ገና ነው» ብሎ አስቀመጠው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንመለስበት አፍ መጨምደዱ ላላ ብሎ፣ ቼሪው ፍንትው ብሎ ወጥቷል። ጓደኛዬ ደገመ።

የ2004ቱ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል። ሽታው የደረቀ ጽጌረዳ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ ሬንጅ። ታኒኑ አልጠፋም፣ ለሰለሰ እንጂ። በዓመታት ውስጥ ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይከብድና አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ሳያናውጡ ቀስ ብሎ መቅዳት የሚያስፈልገው። አፍ ውስጥ ከተዋጠ በኋላ እንኳ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዚያን ምሽት አንደኛ እሱ ነበር።

የ2003ቱስ? ከሁሉም ትልቅ እሱ ነው፤ ከ2004ቱ ግን የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ። የ2003 በጋ አውሮፓን የለበለበ ሙቀት ነበር። እንዲህ ባለ ሙቀት የፍሬው ስኳር ይቸኩላል፣ አሲዱ ይወርዳል። የኛው ጠርሙስ ዘቢብ ዘቢብ ይሸታል። መጀመሪያ ላይ ይጣፍጣል፤ ወዲያው ግን ድክም ይላል። አንድ ዓመት ይህን ሁሉ ልዩነት አያመጣም። ልዩነቱን ያመጣው ፍሬው የበሰለበት አየር ነው።

አያያዝም አለ። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለ ጨለማ ቦታ ካልተጋደመ የምርጡ ዓመት ጠርሙስም ይበላሻል። ደግሞ አብዛኛው ቀይ ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ እሱን አስር ዓመት መደበቅ ማባከን ነው።

ከ2016ቱ ሁለት ጠርሙስ ቀርቶኛል። አንዱን ዘንድሮ እከፍተዋለሁ፣ ቼሪው ሳይጠፋ። ሌላው እንደተጋደመ ይቆይ።