እጃችሁ ይባረክ፣ የካፓሲተር አርበኞች

ቤዝ (ወፍራሙ፣ ዝቅተኛው ድምፅ) ጠፋ በተባለበት ቤት ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰውን ወገን አለማመስገን ነውር ነው። ቴስተር አያወጣም፣ ስፒከሩን ዞር ብሎ አያይም። በመስታወት ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላውን የቲዩብ አምፕሊፋየር ክዳን ይከፍትና ድምፁን ከመጀመሪያው ቲዩብ ወደ ፓወር ቲዩቡ የሚያሻግረውን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነቅሎ 1 ማይክሮፋራድ ይተክላል። አለቀ። ከዚያ «አሁን ቤዙ ከምድር በታች ወረደ!» ይላል። አልዋሸም፤ ጆሮ የማይደርስበት ድረስ ነው የወረደው።

ማስላት መቼም የፈሪ ሥራ ነው። አንድ ኢሲሲ83 (የመጀመሪያው ቲዩብ) እና አንድ ኢኤል84 (ፓወር ቲዩቡ) ያለበትን ባለ 5 ዋት አምፕሊፋየር እንውሰድ። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ከፓወር ቲዩቡ ግሪድ (ድምፁ ከሚገባበት እግር) ወደ ግራውንድ የሚወርደው ሪዚስተር 470 ኪሎኦም ነው እንበል። ሁለቱን አባዝቶ፣ በ6.28 ደግሞ አባዝቶ፣ 1ን ለውጤቱ ያካፈለ ፈሪ 3.4 ኸርዝ ያገኛል። ድምፁ 3 ዴሲቤል የሚቀንሰው፣ ማለትም ኃይሉ በግማሽ የሚወርደው፣ እዚያ ወርዶ ነው። የሰው ጆሮ ዝቅተኛ ወሰን በሚባለው 20 ኸርዝ ላይ ካፓሲተሩ የሚነካው 0.12 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጀግናችን 1 ማይክሮፋራዱን ሲበይድ ወሰኑ ወደ 0.34 ኸርዝ ይወርዳል፣ የተዘረፈችው 0.12 ዴሲቤልም ለባለቤቷ ትመለሳለች። ለዚህች ፍትሕ በዘይት የተነከረ፣ ፎይሉ ብር የሆነ፣ ከፓወር ትራንስፎርመሩ የሚወደድ ካፓሲተር ቢገዛ ማን ይፈርዳል?

ፓወር ቲዩቡን ከስፒከሩ የሚያገናኘው የዚሁ አምፕሊፋየር አውትፑት ትራንስፎርመር ግን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፕራይመሪው (በቲዩቡ በኩል ያለው ጥቅል) 10 ሄንሪ፣ ለቲዩቡ የሚታየው ሎድ 5 ኪሎኦም ከሆነ፣ ያለ ፊድባክ (ከውጤቱ ወደ መግቢያው ተመልሶ ከሚያርመው ድምፅ ውጭ) 70 ኸርዝ ገደማ ላይ ሲደርስ 3 ዴሲቤል ጥሏል። ባለ 8 ኢንች ስፒከሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤዙ የቀረው እነዚህ ሁለቱ ዘንድ ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣውን ሰው ግን ማን ደፍሮ ይመልሰዋል?

ደግሞ ትልቁ ካፓሲተር ባዶ እጁን አይመጣም። ድምፁ ከፍ ሲል የፓወር ቲዩቡ ግሪድ ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) በላይ ፖዘቲቭ ይሆንና ከረንት ይስባል፤ በዚያ ከረንት ካፓሲተሩ ይሞላል። ከበሮው ካለፈ በኋላም የተሞላው ካፓሲተር በ470 ኪሎኦሙ በኩል ፈስሶ እስኪያልቅ ግሪዱን ወደ ኔጌቲቭ ጎትቶ ይይዘዋል። የፍሰቱ የጊዜ መለኪያ (ታይም ኮንስታንት) በ0.1 ማይክሮፋራድ 47 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ1 ማይክሮፋራድ 470። እናም ከበሮ ጠንክሮ በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይታፈናል። አርበኞቻችን ይህንን «የቲዩብ ሙቀት» ብለው ሰይመውታል፤ ስም ማውጣት እንኳ ያውቁበታል።

ሸክላ ለሚሰማማ በረከቱ እጥፍ ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር የተጣመመ ሸክላ በየዙሩ ከ0.55 ኸርዝ ጀምሮ ሞገድ ይልካል። ቀድሞ 3.4 ኸርዝ ላይ የነበረው በር ያዳክመው ነበር፤ አሁን በሩ ተበርግዷልና ሰተት ብሎ ይገባል፣ ፓወር ቲዩቡም ማንም ለማይሰማው ነገር ሲለፋ ይውላል። ሦስት የማጉያ ደረጃ ባለው አምፕሊፋየር ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ ፊልተር እዚያ ታች ድረስ ማጣራት ሲያቅተው ደረጃዎቹ በጓዳ በር ይጠራራሉ፣ ስፒከሩም ያለ ዘፈን ፑት-ፑት-ፑት ማለት ይጀምራል። እነሆ ቤዝ!

የጊታር አምፕሊፋየር ሠሪዎችማ ስስታሞች ነበሩ። ማርሻል በሱፐር ሊድ ላይ ለፓወር ቲዩቦቹ 0.022 ማይክሮፋራድ ከ220 ኪሎኦም ጋር አድርጎ ወሰኑን 33 ኸርዝ አካባቢ አቆመው፤ በደማቁ ቻናል ፊት ለፊት ደግሞ 0.0022 ብቻ ሰጠ። ዲስቶርሽን ከመጀመሩ በፊት ቤዙ ካልተቀነሰ ድምፁ ጭቃ ይሆናል ብሎ ነው አሉ። አርበኛው ሁሉንም 0.1 አድርጎ ጭቃውን ለሕዝብ አከፋፍሏል።

ከዚሁ ማኅበር የተገነጠለ ሌላ ወገንም አለ፤ እሱ ደግሞ አሮጌውን የወረቀት ካፓሲተር «ኦሪጅናል ነው» ብሎ አያስነካም። መቀየር የሚገባው ያ ብቻ ሆኖ ሳለ! 1 ማይክሮአምፒር ዲሲ ከረንት ብታፈስ በ470 ኪሎኦሙ ላይ 0.47 ቮልት ፖዘቲቭ ትሠራለች፤ ፍሳሹ ሲጨምር ፓወር ቲዩቡ ይግላል፣ ሲብስ ፕሌቱ (በውስጡ ያለው ብረት) በሙቀት ይቀላል። ከግሪድ እስከ ግራውንድ ያለውን ዲሲ ቮልቴጅ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጤነኛ ከሆነ 0 አካባቢ ነው። (ቮልቴጁ ገዳይ ነው፤ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን።) አዲስ ሲገዛም 630 ቮልት የተጻፈበት ይሁን፤ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ቲዩብ ሳይሆን ሴሚኮንዳክተር ዳዮድ ከሆነ ቲዩቡ እስኪሞቅ ድረስ የፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጅ በሙሉ የሚያርፈው ካፓሲተሩ ላይ ነው። እነሱ ግን 250 ቮልት የሚለውን ይመርጣሉ፣ መጠኑ ያምራልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቤዙ ካልመጣም መፍትሔ አላቸው፤ ካፓሲተሩ አልተላመደምና 200 ሰዓት ይጠበቅለታል። 200 ሰዓቱ ሲያልቅ የስፒከሩ ገመድ ይቀየራል።