እርማት፦ «በውክልና የተገዛ ኮንዶሚኒየም የራስ ቤት ነው» ለሚለው

ወንድሜ፣ «የመኖሪያ ቤት እስክትሠራ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በውክልና ያዝ፣ የ5 ዓመቱ የሽያጭ እገዳ ሲያበቃ ስሙ ይዞርልሃል» ብለህ የመከርከው ትክክል አይደለም። ሰው ጥሪቱን የሚያጣው በዚህ ምክር ነው።

ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም፤ በሻጩ ስም እንድትሠራ ብቻ ይፈቅድልሃል። ሻጩ ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ያበቃል። ያኔ ገንዘቡን ከፍለህ፣ ቁልፉን ይዘህ፣ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቆማለህ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይህን አይተካም። በዕጣ የደረሰ ቤት የሽያጭ እገዳው ሳያበቃ ከተሸጠ ደግሞ ውሉ ራሱ ሕገወጥ ነው።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም የምትገዛ ከሆነ የሽያጭ እገዳው ያለቀበትን ቤት ብቻ ፈልግ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ዋናውን ካርታ (የባለቤትነት ማረጋገጫውን) እይ፤ ስሙ እስከ አያት ድረስ ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ዝውውሩን ሊያጓትት ይችላል። ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን የክፍለ ከተማው ይዞታ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የባንክ ብድር ካለበት ቀሪውን ሻጩ እጅ ላይ አትስጥ፣ ባንኩ ሄደህ አብራችሁ ዝጉና የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ተቀበሉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ ካላገባ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ከጸደቀ በኋላ ነው ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው።