ይበላል?

ሰው ሰርግ ሲቀር ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ አሞኝ ነበር ይላል፣ ፊልድ ወጥቼ ነበር ይላል፣ ለቅሶ ደርሶብኝ ይላል። እኔ የአክስቴ ልጅ ሰርግ የቀረሁት ቀበሮ ለማየት ባሌ ሄጄ ነው። ይሄ ለዘመድ የሚነገር ነገር ስላልሆነ እናቴ "ለስራ ተልኮ ነው" ብላ ሸፈነችልኝ፣ ግን ለራሷም አልገባትም መሰለኝ መንገድ ላይ እያለሁ ደውላ "ቆይ ግን ይበላል?" አለችኝ።

ቀበሮው? አይበላም እማዬ።

"ታዲያ?"

በዚች "ታዲያ" ስንቴ እንደተሸነፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እኛ ጋ ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም፣ አንድን ነገር አፍጥጠህ ካየህ ወይ ልትገዛው ነው ወይ ልትሰርቀው ነው ወይ ደግሞ የላከህ አካል አለ። አንድ እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ አንድ ተዳፋት ላይ በሆዴ ተኝቼ የማላውቃትን ትንሽዬ ቢጫ አበባ በስልኬ ፎቶ ሳነሳ መጀመሪያ ሁለት ህፃናት መጡ፣ ከዛ አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው፣ ከዛ ሚሊሻ፣ ከዛ ምንም የማያገባቸው ግን ሰው ሲሰበሰብ አይተው የመጡ ሰባት ስምንት ሰዎች። ግማሹ መሬት ሊለካ ነው አለ፣ ግማሹ ማዕድን አግኝቶ ነው አለ። ሚሊሻው "ምን እየሰራህ ነው?" ሲለኝ "አበባ እያየሁ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አበባዋን አያት፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝና "እሺ አየኻት። ከዛስ?"

ከዛስማ ምንም። ግን ምንም ብሎ ነገር ቀበሌ ያስወስዳል፣ ስለዚህ ዋሸሁ፣ "ለመድኃኒት ነው" አልኩ። ወዲያው የሁሉም ፊት ፈካ፣ አባትዬው "ይባረክ ልጄ ተማር" ምናምን አሉኝ፣ አንዲት እናት "ለጉልበት ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ነፍሴን ላድን ብዬ አይጎዳም አልኳቸው። ታክሲ ይዤ ስመለስ በመስኮት ሳይ ተዳፋቱ ላይ እየነቀሉ ነው፣ በነጠላ በፌስታል በባርኔጣ። አበባዋ ብርቅዬ ትሁን አትሁን አላጣራሁም ነበር፣ በኔ ምክንያት ግን ሳትሆን አልቀረችም።

ፍለጋ ሲባል ደግሞ ሁሌ ይገኛል ማለት አይደለም። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች በሌሊት የምትበር ወፍ አገኙ (የሌሊት ወፍ የምንላትን አይደለም፣ ይሄን ስንቴ እንዳስረዳሁ)፣ ከሷም የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 በዛችው አንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ናት ተብሎ ተመዘገበ፣ የላቲን ስሟ ራሱ "አንድ ክንፍ ብቻ" እንደማለት ነው። ለአንድ ወዳጄ ይሄን ስነግረው "በአንድ ክንፍ ብቻ? ይሄማ ማጋነን ነው" አለኝ። ይሄ ሰውዬ እኮ ጎረቤቱ በር ላይ አንድ የማያውቀው ጫማ አይቶ ትዳር ያፈረሰ ሰው ነው።

ወደ ባሌው ልመለስ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ዲንሾ የደጋ አጋዘን አይተን (እሱ እንኳን ብዙ አያለፋም፣ ፓርኩ ጽህፈት ቤት አካባቢ እንደ ባለጉዳይ ነው የሚንጎራደደው)፣ በጎባ አድርገን ሰነቲ የሚባለው አምባ ላይ ወጣን። ከባህር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ነው፣ ሶስት እርምጃ ስትሄድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ትሆናለህ። ሜዳው ላይ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ስንት ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ያድጋል፣ ያጠራቅማል፣ ከዛ አንድ ቀን ያንን ሁሉ ወደ ላይ አውጥቶ ከሰው በላይ የሚረዝም አበባ ይሰራና በቃ ይሞታል፣ ደግሞ አያብብም። እሱን ሳይ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለኝ። ዕቁቡ፣ የባንክ ብድሩ፣ አስራ ሁለት መኪና፣ ሁለት ካሜራ፣ ድሮን! እግዜር ይጠብቀው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው ያለው፣ ለኔ ግን ሁለት ቀን አንዱም አልወጣ አለ። በሶስተኛው ቀን አንድ ፈረስ የሚጠብቅ ልጅ አጠገባችን መጥቶ ቆመ፣ ባይኖኩላሬን አየ፣ እኔን አየ፣ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀ። ስነግረው "ጄደላ ፈርዳ?" አለ፣ በኦሮምኛ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። በአገጩ ወደ ኋላዬ አሳየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን ያዞርኩት ወደ ተሳሳተው በኩል ነበር!

ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ቆሟል፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ አንገቱ ስር ነጭ። እስከ 1 ኪሎ የምትመዝን ፍልፈል ብቅ እስክትል ጭራውን እንኳን አያነቃንቅም። ትንፋሼን ውጬ አየሁት፣ ሃያ ደቂቃ ይሆናል፣ አልበላም አልሸጥም አልተላክሁም፣ በቃ አየሁት። እጄ ተንቀጥቅጦ ካነሳሁት ሰማኒያ ፎቶ የተረፈው አንድ ነው።

ቤት ስደርስ እማዬ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሰብስባ ጠበቀችኝ፣ "የሄደበትን ስራ ያሳያችኋል" ብላለች ለካ። ስልኬን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ለእትዬ አቀበለች፣ እትዬም አይተው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታው ከብዶኝ ከውሻ ጋር እየተዳቀለ እንደሚቸገር፣ የውሻ እብደት በሽታ እየተጋባበት ስንቱን እንደጨረሰው ማስረዳት ጀመርኩ፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ ውሻ የምትለውን ቃል ራሴ አነሳኋት።

እማዬ ስልኩን መልሳ ተቀበለች፣ አንዴ ደግማ አየችና፣

"ለዚህ ውሻ ነው ሰርግ የቀረኸው?"