የጥጥ ዘር ከመመረጡ በፊት ማሳው ይታይ

የጥጥ ዘር ሲመረጥ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛው ዝርያ ብዙ ምርት ይሰጣል?» የሚለው ነው። ከዚያ በሙከራ ሠንጠረዡ አናት ላይ የተቀመጠው ዘር ይገዛና በሁሉም ማሳ ላይ ይዘራል። ይህ አካሄድ የፊቱን የኋላ ያደረገ ነው። በሠንጠረዡ አንደኛና አምስተኛ በወጡት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሙከራ ስህተት አይዘልም። ጥጡ ከበቀለ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት በአረም የተዋጠ ማሳ የሚያጣው ምርት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀመረው ባለፈው ዓመት ምርት መሰብሰቢያ ላይ ነው። ማሳውን እየዞሩ የተረፈው አረም ሰፊ ቅጠል ይሁን፣ ሣር ወይም እንግጫ፣ የትኛው ጥግ ላይ እንደቀረ መመዝገብ ያስፈልጋል። አረሙ በቀጥታ መስመር ከተረፈ ጥፋቱ የተደፈነ የመርጫ አፍንጫ (ኖዝል) ወይም የተዘለለ ርጭት ነው። አንድ ዓይነት አረም ሆኖ የሞተውና ያልሞተው ጎን ለጎን ከቆሙ ግን የተረጨውን ፀረ-አረም ኬሚካል የሚቋቋም የአረም ዘር መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ-አረም የሚቋቋም ጥጥ በአሜሪካ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በ2005 ጆርጂያ ውስጥ ግላይፎሴት የማይገድለው ፓልመር አማራንተስ የተባለ አረም መኖሩ ተረጋገጠ። 8 ዓመት ብቻ! በአንድ ኬሚካል ላይ መደገፍ ያመጣው ውጤት ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ማሳ ሌሎች ፀረ-አረሞችን፣ ማለትም ግሉፎሲኔትን፣ ዳይካምባን ወይም ቱ-ፎር-ዲን የሚቋቋም የጥጥ ዘር ሊያስፈልገው ይችላል። እዚህ ላይ ስህተቱ ውድ ነው። ዳይካምባን የሚችል ጥጥ ቱ-ፎር-ዲን አይችልም፤ ቱ-ፎር-ዲን የሚችለውም ዳይካምባን አይችልም። በደንብ ባልታጠበ ታንክና ቱቦ ውስጥ የቀረ ጥቂት ቱ-ፎር-ዲ እንኳ የማይቋቋመውን ጥጥ ቅጠል ያጣምማል፣ እምቡጡንም ያራግፋል። ለየማሳው ይመረጥ ስንል ታዲያ አሥር ማሳ አሥር ዓይነት ዘር ይዝራ ማለታችን አይደለም። ማሳዎቹን በሁለት ወይም በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ተመሳሳዮቹን አጎራብቶ መዝራትና በየዳሩ ምልክት መትከል ይበቃል።

ዘሩ ከቡቃያው በፊት የሚደረገውን የአፈር ርጭት አይተካም። አፈር ላይ ከሚረጩት ፀረ-አረሞች ትራይፍሉራሊን በ24 ሰዓት ውስጥ ከአፈር ጋር ካልተቀላቀለ ተንኖ ይጠፋል። ፍሉኦሜቱሮንን የመሰሉት ደግሞ ከ12 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወይም መስኖ ካላገኙ አፈሩ ላይ ተኝተው ይቀራሉ። የፍሉኦሜቱሮንና የዳዩሮን መጠን በአሸዋማ አፈር ላይ ይቀነሳል፣ አለዚያ ጥጡንም ይጎዳሉ። ከባድ የሸክላ አፈር ስለሚይዛቸው በመለያ ወረቀቱ ከተፈቀደው ከፍተኛውን መጠን ይፈልጋሉ። አንዱ የእርሻ ክፍል አሸዋማ፣ ሌላው መረሬ ከሆነ አንድ መጠን ለሁሉም አይሠራም።

ግሉፎሲኔት የነካውን ቅጠል ብቻ ስለሚገድል አረሙ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ፣ በፀሐይ፣ በበቂ ውሃ መረጨት አለበት። ፓልመር አማራንተስ በሙቀት በቀን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ የሦስት ቀን መዘግየት ርጭቱን ከንቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዝርያው እንመለስ። ቡቃያው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዝርያ መስመሩን ለብዙ ጊዜ ክፍት ስለሚተው አረም የበዛበት ማሳ ላይ አይዘራም። ፈጥኖ ጥላ የሚያጠላው ዝርያ ለዚያ ይስማማል፤ ለም በሆነና መስኖ በሚጠጣ ማሳ ላይ ግን ከልክ በላይ ስለሚረዝም የእድገት መቆጣጠሪያ ኬሚካል ይጠይቃል። በአሸዋማ አፈር የሥር አንጓ ኔማቶድ (ሥርን የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ካለ እርሱን የሚቋቋም ዝርያ ከምርት ደረጃው ይቅደም። አማራንተስና እንግጫም ይህንኑ ኔማቶድ ስለሚመግቡ አረሙ ካልጠፋ ትሉ አይጠፋም።

አንዳንድ ማሳ ላይ ግን ትክክለኛው የጥጥ ዝርያ የለም። አንዲት የፓልመር አማራንተስ እንስት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፤ አዲስ ካልተጨመረበት ግን አብዛኛው ዘር በ3 ወይም በ4 ዓመት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። እንዲህ በተወረረ ማሳ ላይ ጥጡን ትቶ ሌላ የፀረ-አረም ቡድን የሚፈቅድ የእህል ሰብል መዝራት ይሻላል። ከርጭቱ የተረፈውንም አረም ዘር ሳይቋጥር በእጅ ነቅሎ ከማሳው ማውጣት ነው፤ መስመር ላይ የተጣለው በእርጥብ አፈር መልሶ ሥር ይሰድዳል።