ሙት ወቃሽ በዛ

ማይክል ጃክሰን የሞተ ሰሞን የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰኔ 18 ቀን 2001 ሎስ አንጀለስ ላይ ሞተ፣ ወሬው እኛ ጋ ደብረ ብርሃን የደረሰው በማግስቱ በገብርኤል ዕለት ነው፣ እና ቡና ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እንኳን ሳይል ቀልድ ጀመረ በቃ። ቆዳውን አስነጣ፣ ጥቁርነቱን ጠላ ምናምን። ሰውየው እኮ ለምጽ ነበረበት! እ.ኤ.አ. በ1993 ራሱ በቴሌቪዥን ተናግሯል፣ ከሞተ በኋላ ደሞ የአስከሬን ምርመራው አረጋግጧል። በበሽታ ይሳቃል እንዴ? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እየተባልን ያደግን ሰዎች እኮ ነን። ደሞ በ77ቱ ድርቅ ከሊዮኔል ሪቺ ጋር ሆኖ ዘፈን የጻፈው ለኛው ርሃብ ነበር፣ ያንን ያነሳ አንድ ሰው አልሰማሁም።

አድናቂ ነኝ ባዩም አናዶኛል። በልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርድ ቤት በነጻ ለቆታል፣ እሺ፣ ግን የከሰሰውን ልጅና እናቱን እንደዛ መሳደብ ምን አመጣው? የልጅ ነገር ሲነሳ እኮ ሰው ድምጹን ዝቅ ያደርጋል።

ሦስት ልጆች ትቶ ነው የሞተው፣ ትልቁ ገና 12 ዓመቱ ነበር። እኛ ሰፈር ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ተተክሎ ሦስት ቀን ይለቀሳል፣ የሟች ልጅ ባለበት ክፉ ቃል አይወጣም፣ ዝነኛ ሲሆን ግን እንደ ሰው አይቆጠርም መሰለኝ። እኔማ ያን ቀን ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነስቼ ወጣሁ።